ሃምሳ ፌርማታ

እኩለ ሌሊት ላይ ርችቱ ተተኩሶ፣
ሰማዩ ለአፍታ ቀይና ወርቅ ለብሶ፣
መልሶ ጨለመ።
ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ነበር፤
ወንዙ እንደ አስፋልት ጠጥሮ ሊያድር፣
ዊኒፔግ በጉሟ ፊቷን ተሸፍና፣
አሮጌውን ዓመት ሸኝታ ገባችና፣
እኔና አውቶቡሴ ውጭ ቀረን።

ትኬት የለም ዛሬ፤
የጠጣ እንዳይነዳ ከተማው አዝኖለት፣
በነጻ ይሸኛል፣ በር እየከፈትሁለት።
አንዱ የወረቀት ዘውድ ግንባሩ ላይ ደፍቶ፣
"መልካም አዲስ ዓመት!" ይላል ሦስት ጊዜ፣ ሦስቴም ረስቶ፤
አንዷ ጫማዋን አቅፋ
ከኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዷታል፤
የት እንደምትወርድ ጠፍቷታል።

ስለት አላጣም እኔ፣ ዓመት በገባ ቁጥር፤
መስከረም አንድ ቀን ቆሜ ከሥዕሏ ሥር፣
"በየዕለቱ ቅዳሴ፣ በየማታው መቁጠሪያ፣
ከቁጣም እጾማለሁ፣ ዛሬ ነው መጀመሪያ"
ብዬ ነበር።
መስቀል ሳይደርስ ቀዘቀዘ።
ምን ይደረግ፤
ሁለት አዲስ ዓመት የታደለ ሰው፣
ቃሉንም በዓመት ሁለቴ ነው የሚያፈርሰው።

ለፈረንጁ ግን አፌን አልከፈትሁም።
ሉቺያ፣ ባለቤቴ፣ በር ላይ አስቁማኝ፣
የወይራ እንጨት መቁጠሪያ ኪሴ ጨመረችልኝ፤
"ሃምሳውን ካልቻልህ አንዷን በላት" አለች፤
"እናት አይደለች? አንዴ ሲጠሯትም አቤት ትላለች።"

ፌርማታዎቼን ቆጥሬ አላውቅም ነበር።
ከተነሣሁበት እስከ መጨረሻው
ሃምሳ ናቸው። ለካ ሃምሳ ናቸው!
ሰባት ዓመት ሙሉ መቁጠሪያ ላይ ስነዳ፣
ዶቃውን ስረግጥ ኖርሁ፣ እንደ ባዳ።

በር ሲከፈት፣ "ጸጋን የተሞላሽ ሆይ"፤
በር ሲዘጋ፣ "ለምኝልን"፤
ቀይ መብራት ሲይዘኝ፣ "አባታችን ሆይ"።
ሦስተኛዋ ለባለ ዘውዱ፣ በደህና ቤቱ እንዲገባ፤
ሰባተኛዋ ከሆስፒታል ፈረቃ ወጥታ
ጓንቷን ሳታወልቅ እንባ ለምታነባ።
አሥራ ስምንተኛዋን ገና ሳልጨርሳት፣
አንድ የጭነት መኪና ፊቴ ተደነቀረ።
ሰደብሁት፤ እናቱን ጨምሬ፣
እናት ስጠራበት በነበረው አፌ።
አፈርሁ።
አውቶቡስ ወደ ኋላ አይነዳም፣
ያለፈ ፌርማታ አይመለስም፤
ዶቃዋን ግን መለስኋት።

አርባ ዘጠነኛው ላይ ወይዘሮ ሊጋያ
ቆማ ነበር፣ እስከ ቅንድቧ ተጠቅልላ፤
ፊሊፒናዊት ናት፣ ባሏን እዚሁ የቀበረች፣
የቅድስት ሞኒካን ቁልፍ የምትይዝ፣
ቄሱ ሳይነሡ ማሞቂያውን የምትለኩስ።
"ዛሬ የወላዲተ አምላክ በዓል ነው፤
ሦስት ሰዓት ላይ ቅዳሴ አለ፤ ትመጣለህ?"
"እስከ አራት ፈረቃ ላይ ነኝ።"
ዝም አለች። ከቦርሳዋ ጠመኔ አወጣች፣
አምና በአስተርእዮ የተባረከ፣ ጥፍር የምታህል ስባሪ።
በበሩ መስታወት ልትጽፍ ብትል፣ በረዶው እምቢ አላት።
ጓንቷን አወለቀች።
በጣቷ፣ ብርዱን እያቀለጠች፣
ሃያ፣ መስቀል፣ የሦስቱ ነገሥታት ሦስት ፊደል፣
መስቀል፣ ሃያ ስድስት።

"ይኼ እኮ የቤት በር ላይ ነው የሚጻፈው" ብላት፣
"ስንት ሰዓት ትውላለህ እዚህ?" አለችኝ።
"በዓሉም ገና ነው፣ አምስት ቀን ይቀረዋል።"
"እሱማ፤ ነገሥታቱ ገና መንገድ ላይ ናቸው፤
በዚህ ብርድ ግመል አይሄድም፣ ማን ያሳፍራቸው?"

ሃምሳኛው ፌርማታ ቤተ ክርስቲያኑ ነው።
ወረደች። "ለምኝልን" አልሁ፣ በሩን ዘጋሁ፤
በመስኮቱ አንድ መብራት ሲበራ አየሁ፣
ከዚያም ሌላ።

ረፋዱ አራት ላይ ጋራዥ ስገባ፣
ተረካቢዬ ሃርጂት ጨርቅ ይዞ ጠበቀኝ።
የሊጋያ ጣት ያቀለጠው መልሶ ረግቶ፣
ከዳር ዳሩ በረዶው አብቦ፣
ከሌሊቱ ይልቅ ጎልቶ ይነበባል።
"ምንድን ነው ይኼ ጭረት?" አለ፣ ጨርቁን አንሥቶ።
"ተወው" አልሁት፣ "አትጥረገው፤
የሚሳፈሩ እንግዶች አሉ።"